የፋሲካው ፎቶ

«ያቺ የፋሲካዋ ፎቶ እስካሁን አልተገኘችም?» አለች የሳህሊቱ እናት። ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ይህን ስትጠይቅ ሦስተኛዋ ነው።

ሳህሊቱ የንፍሮ ሳህን ይዛ በለቀስተኞቹ መሀል ቆማ ነበር። «እየፈለግኩ ነው እማዬ» አለች። ዋሸች። የምትፈልገው ነገር የለም፤ ያ ፎቶ ምን እንደደረሰበት በመላው ቺሮ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ወንድሟ ብሩኬ ማክሰኞ ዕለት ከመቻራ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ገለምሶ ሳይደርስ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ረቡዕ ተቀበረ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ከቀብሩ ጀምሮ አላባራም፤ የእድሩ ድንኳን ሸራ ውኃ እያቆረ ይዘረጠጣል፣ ወንዶቹም እየተነሱ በእንጨት ሽቅብ እየገፉ ያፈሱታል።

ቺሮ ላይ ወጣት ሲሞት ፎቶው ጎላ ብሎ ይታጠብና በፍሬም ሆኖ ድንኳኑ ውስጥ ይሰቀላል። ሴቶቹ ወደ እሱ ዞረው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ አልቃሿም ስሙን የምትጠራው እሱን እያየች ነው። ጉድ የሚያሰኘው፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ለከተማው ግማሽ ሟች ያንን ፎቶ የሠሩት እነዚሁ ሁለቱ፣ ብሩኬና ሳህሊቱ መሆናቸው ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ፎቶ ቤታቸው እሱ ያነሳል፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ ታስተካክላለች። ስንቱን ሟች ከመታወቂያ ላይ፣ ከሰርግ ፎቶ ጥግ ላይ ፈልቅቀው አውጥተው፣ አሳምረው ለእናቱ ሰጥተዋል። የራሳቸው ድንኳን ግን ባዶ ሸራውን ይዞ ቆሟል።

ሌላ ፎቶ ጠፍቶ አይደለም። የመታወቂያው አለ፤ ጓደኞቹ በስልክ ያነሱት አለ። እናቷ ግን ያየችውን አይታለች። የፋሲካ ዕለት ሳህሊቱ በአዲሱ ካሜራ በሩ ላይ አቁማ አንስታው ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእናቱ ቀልድ እየሳቀ። እናቷ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየችና «ይችን አሳጥቢልኝ፤ አባቱን መስሏል» አለች። ሳህሊቱ እሺ አለች። እሺ እንዳለች ሦስት ወር አለፈ። የደንበኛ ሥራ ይቅደም፣ የቤቱ ይደርሳል ብላ ነው። የቤት ነገር መቼም ሁልጊዜ ይደርሳል ይባላል።

ጎረቤታቸው እትዬ እንቁ ሳህኑን ስትቀበላት ሳብ አድርጋ በጆሮዋ አንሾካሾከች። ማክሰኞ ቀን መቻራ ምን ሰርግ ኖሮ ነው የሄደው? ማክሰኞ የሚያገባ ሰው አለ እንዴ? ክፋት የላትም፤ ለቀስተኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችው። ሳህሊቱ ግን «ለሥራ ነው» አለችና ሳህኑን ጥላላት ወጣች።

ነገሩ የተጀመረው ካሜራው የመጣ ቀን ነው። ብሩኬ ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ካሜራ የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ካርቶኑን የከፈተው እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው። ፎቶዎቹ ግን ከባድ ነበሩ፤ የድሮው የኮምፒውተራቸው ፕሮግራም አልከፍታቸው አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጓደኛቸው ኢዘዲን በፍላሽ ሁለት ሶፍትዌር ይዞላቸው መጣና ምረጡ አላቸው።

አንደኛው ደረቅ ነገር ነው። ፎቶውን በየፎልደሩ እንዳስቀመጡት ያሳያል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ያስተካክላል፤ በቃ። ብሩኬ እሱን ወደደ። የት እንዳስቀመጥኩ አውቃለሁ፣ ያነሳሁትንም እንዳነሳሁት አየዋለሁ አለ። ሁለተኛው ግን ላይብረሪ አለው፤ የሠሩትን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይደረድራል፣ የሰው ፊትም ይለያል። የእናታቸውን ፊት ሲጫኑት እናታቸው ያለችበት ሁሉ ከየሰርጉና ከየክርስትናው ተጠራርቶ ይመጣል። ደግሞ አንዲት መስመር ወደ ቀኝ ሲጎትቱ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ብጉሩም ማድያቱም ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ሳህሊቱ በዚህ ልቧ ጠፋ። ደንበኛ የሚወደው ይህንን ነው ብላ ተከራከረች።

ክርክሩ ሳይቋጭ፣ ሁለቱም ሶፍትዌር እንደተጫነ፣ ፋሲካ ደረሰ። ያንን የበሩን ፎቶ እሷ በመረጠችው ሶፍትዌር ከፍታ መስመሯን ጎተተችው። ከብሩኬ ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳው ጠፋ።

«ይሄማ እኔ አይደለሁም» አለ ብሩኬ። «መልሺው።»

እየሳቀች መለሰችው። ያንን ጠባሳ ማን እንዳወጣበት ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ አምስት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመት ሳሉ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ገፍትራው ከቧንቧው ብረት ጋር ተጋጨ። ደሙ ሸሚዙን አርሶት ቤት ሲገቡ እሷ ከበሩ ኋላ ተደበቀች፤ እሱ ግን እናቱ ማን ነው ብላ ስታፋጥጠው «ወድቄ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አንድ ቀን ሙሉ ጠየቀችው፤ ወድቄ ነው። ልጅ ሆኖ እንኳን እንዲያ ነበር።

በኋላ ተሸነፈላት። ቁጭ ብለሽ የምትሠሪበት አንቺ ነሽ፣ የወደድሽውን ያዢ አላት። ኢዘዲን የመጀመሪያውን ሶፍትዌር አጠፋና ሊወጣ ሲል፣ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ አንድ ነገር ተናገረ። ላይብረሪው ፎቶውን አይዝም፤ ያለበትን ቦታ ነው የሚያስታውሰው፤ ለማሳያ የምትሆን ትንሽ ምስል ብቻ ነው የሚያስቀረው አለ። ሳህሊቱ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ግን የእናቷን ፊቶች እየቆጠረ ነበር፤ አንዱም ቃል ጠብ አላለላት።

ፎቶዎቹ በሙሉ የሚቀመጡት ኤክስተርናል የሚሏት ትንሽ ዲስክ ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዲስኳ ሞላች፤ ሂርና ከተማ ላነሱት ሰርግ ቦታ አስፈለገ። ሳህሊቱ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ሁሉም ፎቶ ላይብረሪው ላይ ተደርድሮ ታያት። እንግዲህ እዚህ ከገባ ዲስኩ ላይ ምን ይሠራል አለች። ዲስኩን ፎርማት አድርጋ ያለበትን ሁሉ ደመሰሰችው፤ የሂርናውንም ሰርግ ገለበጠችበት። በማግስቱ የመቻራውን የሐጂ በክሪን ልጅ ሰርግ ለአልበም ልታወጣ ስትጫን፣ ዋናው ፋይል አልተገኘም የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌላውን ተጫነች። አልተገኘም። የአምስት ወሩን ሁሉ አንድ በአንድ ተጫነችው። ምስሎቹ ተደርድረው ያዩዋታል፤ ከጀርባቸው ግን ምንም አልነበረም። ኢዘዲን ሁለት ቀን ሙሉ ሊመልሰው ሞከረና፣ በላዩ ሌላ ተጽፎበታል ብሎ እጁን ሰጠ።

ብሩኬ አልጮኸባትም። ቢጮህባት በተሻለ። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠና ካሜራውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከኢዘዲን ሌላ ማን ያውቃል ብሎ ጠየቃት። ማንም አለችው።

«እንግዲያው ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ አትንኪው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ለሐጂ በክሪ እዚያው ደወለ። ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሙሽሮቹን እንደገና ሊያነሳ ሄደ። ሳህሊቱ መናኸሪያው ድረስ ዣንጥላ ይዛ ሸኘችው። ዝናቡ ከበድ ብሏል፣ ለምን ነገ አትሄድም ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችውም። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅላት ፈልጋለች።

ይኸው አለቀ። ፖሊስ ያመጣው ቦርሳ አልጋዋ ሥር ነው። ካሜራው ደቅቋል፤ ውስጡ ያለችው ሚሞሪ ለሁለት ተሰብራለች።

ሐሙስ ከሰዓት ኢዘዲን ድንኳኑ ደጃፍ አገኛት። ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ ከሬሳው ጋር ሌሊቱን ከገለምሶ የመጣው እሱ ነው። የፋሲካውን ፎቶ ትንሿን ምስል ስጪኝ አላት። ትንሽ ፎቶን የጎደለውን ራሱ እየሞላ የሚያሳድግ አዲስ ፕሮግራም ወጥቷል፤ ለእናትሽ እሰቅልላታለሁ አለ። አብረው ፎቶ ቤቱ ሄዱ። ላይብረሪውን ስትከፍት በራሱ ፊቶቹን ደረደረላት፤ ብሩኬ ከሚለው ስም ሥር አሥራ አንድ ምስል ብቻ። ስንት ሺህ ሰው ያነሳ ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሳው። ኢዘዲን የሚፈልገውን በፍላሽ ወስዶ ሲወጣ፣ እሷ ኋላ ቀረችና ያችኑ ምስል ሳታሳድግ፣ ሳትነካካ፣ እንዳለች አተመቻት። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። በጣም አስጠግቶ ላያት ቅንድቡ ላይ ነጭ ነጥብ ትታያለች። በመቀስ ቆረጠቻትና የስልኳ ሽፋን ውስጥ ከተተቻት።

ዓርብ ሣልስቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢዘዲን በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ፍሬም ተሸክሞ ገባና ምሰሶው ላይ ሰቀለው። ላስቲኩ ሲገለጥ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ብሩኬ ክንድ በሚያህል ፎቶ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይስቃል፤ እያንዳንዷ የሸሚዝ ክር ትለያለች። እትዬ እንቁ ቁርጥ እሱን ነው፣ ሊናገር ነው የሚመስለው እያለች ደረቷን ደቃች። የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

እናቷ ከፍራሹ ላይ ተነስታ በሴቶች ተደግፋ ወደ ፎቶው ሄደች።  እናቷ እጇን ዘርግታ በጣቷ ግራ ቅንድቡን ዳሰሰች፤ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አሸችው፣ አቧራ እንደምትጠርግ ሁሉ።

«ይሄ ማነው?» አለች።

እናትየዋ ሐዘን አዙሯት ነው ብለው ሴቶቹ አቅፈው መለሷት። ሳህሊቱ ግን እናቷ ምንም እንዳላዞራት አውቃለች። ማሽኑ የጎደለውን ሲሞላ ዓይኑን ከሌላ ሰው ዓይን፣ ጥርሱን ከሌላ ሰው ጥርስ አምጥቶ ነው የሞላው፤ ጠባሳውን እንደ እድፍ ቆጥሮ ጠርጎታል። ፍሬሙ ውስጥ ያለው፣ በሩ ላይ የሳቀው ብሩኬ አልነበረም። ኢዘዲን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሰው የሚችለውን አደረገ፤ ምን ይባላል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሐጂ በክሪ መጡ። ቺሮ ደርሰው ጁምዓቸውን ሰግደው ነው የመጡት፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸዋል። ልጃቸው ኢንሳፍ፣ ያቺ ሙሽራ፣ ጥቁር ሻሿን ዝቅ አድርጋ ትከተላቸዋለች። ሳህሊቱ ገና ከበሩ አወቀቻቸው። ሽማግሌው ማንንም ሳይጠይቁ በለቀስተኛው መሀል አልፈው እናቷ ፊት ደረሱና ፍራሹ ጫፍ ላይ በርከክ አሉ።

«አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ሃዳ ኮ፣ እናቴ» አሉ። በመቻራ ሰው አማርኛቸው፣ ቀስ እያሉ። «እኔ ለለቅሶ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

ሐጂ በክሪ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ተናገሩ። የኢንሳፍ የሰርግ ፎቶ ጠፋ፤ ልጅሽ ደውሎ ሐጂ፣ አበላሽቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ አሉ። ልጄ ስታለቅስ አየሁና ተቆጣሁት፤ ዛሬ ነገ ሳትል ና አልኩት። መጣ። የኢንሳፍ ሂና ነጥቶ ነበርና እስክትቀባ ተቀምጦ ጠበቀ፤ እኛ ቤት ምሳ በላ፣ ባሏን አስቆ አስቆ አነሳቸው። እደር ብለው እናቴ ትጠብቀኛለች አለ።

«ያ መንገድ በሐምሌ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያረጀሁት» አሉ። «ዝናቡ ይቁምና ትመጣለህ ማለት እችል ነበር። ለወረቀት ብዬ የሰው ልጅ አስወጣሁ። በኔ ቃል ነው የሄደው፤ ደሙ እኔ ላይ ነው፣ እናቴ።»

 ዝናቡ ብቻ ሸራውን ይደበድባል። እትዬ እንቁ ወደ ሳህሊቱ ዞር ብላ አየች፤ የማክሰኞው መልስ ተገኘላት። ኢንሳፍ ሂና የተቀቡ እጆቿን ሻሿ ውስጥ ሸሽጋ ትንሰቀሰቃለች።

ሳህሊቱ ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ይዘጋል። ብሩኬ ዘግቶላት ነው የሄደው። ኢዘዲን አይናገርም። ሐጂ በክሪ ይቅር ይባላሉ፤ እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሳቸውም ያልሠሩትን ሸክም ይዘው መቻራ ይገባሉ፣ ይዘውት ይሞታሉ። እሷ ደግሞ ከእናቷ ጎን እየተኛች፣ እያበሰለችላት ትኖራለች። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰበችውም አይባልም። ደግሞም ፈልጋው ነበር። እናቷ ከዚህ ወዲያ ዓይንሽን አልይ ብትላትስ? ከዚህ ቤት የቀረችው እናቷ ብቻ ናት።

ሽማግሌው ግን እንደተንበረከኩ ናቸው። ጢማቸው ላይ ዕንባቸው ይወርዳል።

«ሐጂ፣ ይነሱ» አለች ሳህሊቱ።  «ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብሩኬ አልነካውም። ሁሉንም ዲስኩ ላይ ደመሰስኩት፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ መስሎኝ። እሱ በኔ ፈንታ ነው የሄደው። ዝናብ ነው፣ ዛሬ ቅር ልለው ስችልም ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «የፋሲካውም ፎቶ የለም፣ እማዬ። እየፈለግኩ አልነበረም። እሱንም አብሬ አጥፍቼዋለሁ።»

አንዷ ሴት ወይኔ አለችና አፏን ያዘች። ሐጂ በክሪ ሳህሊቱን አዩ፣ እናቷን አዩ። ኢንሳፍ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ ብላ አስነሳቻቸውና የወንዶቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

እናቷ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ሳህሊቱን አላየቻትም። የተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ላይ፣ ያ ልስልስ ያለ ቅንድብ ላይ ዓይኗን ተከለች። ሳህሊቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬቷ ግን እንዳለች ናት፣ ረግረግ ያለች የድንኳን መሬት።

«የዚያን ጊዜም ወድቄ ነው ነበር ያለኝ» አለች እናቷ።

ሌላ አልጨመረችም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አውቃ ዝም ያለችውን ነው በአንድ ቃል ያወጣችው። ሳህሊቱ ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ሽማግሌው በተነሱበት ቦታ ወደቀች። ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች፤ ለዚህ የሚሆን ድፍረት ግን አልቀራትም። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ሽፋኑን ፈለቀቀችና ያችን ጥፍር የምታህል ወረቀት በመዳፏ አድርጋ ዘረጋችላት።

እናቷ ቶሎ አልተቀበለቻትም። ሳህሊቱ መዳፏን እንደዘረጋች ቆየች። እናቷ በመጨረሻ በሁለት ጣቷ አነሳቻትና ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት፤ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ እንደገና አስጠጋቻት። ነጩን ነጥብ ፈልጋ አገኘችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ፎቶዋን ጥጉ ላይ አኖረች፤ የገበያ ሳንቲም እንደሚቋጠር ልትቋጥረው። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። አንዴ ሞከረች፣ ሸርተት አለ። ደግማ ሞከረች።

ፊቷን ወደ ድንኳኑ በር፣ ወደ ዝናቡ እንዳዞረች፣ የነጠላውን ጫፍ ወደ ልጇ ዘረጋችው። ሳህሊቱ ተቀብላ ቋጠረችላት፤ እንዳይፈታም ደግማ አጠበቀችው።